ሰበታ ላይ የተወለዱ የባሕር ግልገሎች

ሬይ የሚባለው የባሕር ዓሣ ግልገል ቤት ውስጥ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ምግቡ አጠገቡ እያለ ሳያገኘው ነው። አንዳንዴ ደግሞ አግኝቶት ለአፉ ትልቅ ይሆንበታል፤ ወይም ውሃው አየር አጥሮት የመብላት አቅም ያጣል። እኔ ጋ አራት ግልገሎች ተወልደው አድገዋል። የተወለዱት ሰበታ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። እንዴት እንዳበላኋቸው ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ሬይ የምለው ስቲንግሬይን ነው። የሻርክ የቅርብ ዘመድ የሆነ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው። ዓይኖቹ ጀርባው ላይ፣ አፉ ሆዱ በኩል ነው። ይሄን ነገር ያዙልኝ፤ ስለ ማብላት የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። የሚበላውን ነገር አፉ ሥር ሲደርስ አያየውም።

እኔ ጋ ያሉት ክብ ስቲንግሬይ የሚባሉት ናቸው። ሳይንሳዊ ስማቸው ኡሮባቲስ ሃሌሪ ነው። አገራቸው ከካሊፎርኒያ እስከ ፓናማ ያለው የፓስፊክ ጠረፍ ነው። ስሙ የወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1863 ሲሆን፣ ሳንዲዬጎ ባሕር ዳር ውሃ ውስጥ ሲሄድ በተነደፈ ልጅ ነው የተሰየሙት። አባቱ ሻለቃ ሃለር ይባል ነበር። ጭራቸው ላይ መርዘኛ እሾህ እንዳለ ስማቸው ራሱ ያስታውሰኛል።

ወደ እኔ የመጡት በአጋጣሚ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያውን ሲያድስ የጨው ውሃ አኳሪየሙን አነሳ። አኳሪየሙን ይንከባከብላቸው የነበረው ልጅ ያውቀኛል። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ውስጥም ከተማሪዎቼ ጋር የቆሮሶ ገንዳ አለን። ደውሎ፣ "ቲቸር፣ ሁለት ሬዮች አሉ። ቦታ ካለሽ ውሰጃቸው፣ እዚህ የሚፈልጋቸው የለም" አለኝ። አንድ ወንድና አንድ ሴት ነበሩ። ሰበታ ለዓሣ እንግዳ አይደለችም፤ አገር አቀፉ የዓሣ ምርምር ማዕከል ያለው እዚሁ ነው። የባሕር ዓሣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለእኛ ቅርቡ ባሕር ጂቡቲ ነው።

ገንዳውን የሠራው ባለቤቴ ነው፣ ብየዳ ቤት አለው። አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዛንና ታችኛውን ክፍል ብቻ አስቀርቶ ቆረጠልኝ። ጠርዙን ብረት አለበሰው፣ ብረቱን ደግሞ ውሃ እንዳይነካው በፋይበር ሸፈነው። ውሃው 1,500 ሊትር ገደማ ነው። ሬይ የሚፈልገው ጥልቀት ሳይሆን ስፋት ነው፤ ክብ መሆኑ ደግሞ ጥግ ላይ አፍንጫውን ከመጋጨት ያድነዋል። መስታወት አኳሪየም ያምራል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ሜትር በማትሞላ መስታወት ውስጥ ሬይ አስገብቶ ማሳደግ እንስሳውን ማሰቃየት ነው። ይሄንን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ በግልጽ እናገራለሁ።

ጨውን በተመለከተ ብዙ ሰው "የአፍዴራ ጨው አይሆንም ወይ?" ይለኛል። አይሆንም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ለምግብ የሚቀርበው ጨው አዮዲን እንዲገባበት ሕግ ያዛል፣ ሰዎችም ችግሩ እሱ ይመስላቸዋል። ችግሩ እሱ አይደለም። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ የተሟሟ ጨው አለ። አብዛኛው ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም 1.3 ግራም ያህል ማግኒዥየም፣ 0.4 ግራም ያህል ካልሲየም፣ እንዲሁም ፖታሲየምና ሌሎች ብዙ ነገሮች አሉት። የወጥ ጨው እነዚህን በልኩ አይሰጥም። ስለዚህ ለአኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ አስመጣለሁ። ገንዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሙላት ከ50 ኪሎ በላይ ይፈጃል። ያላቅሙ ለሚጀምር ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይሻላል። በበጋ ውሃው ሲተን ጨው አይሄድም፣ ውሃው ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የጎደለውን የምተካው ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም፤ የሚጽፉት በባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በባሕር ጠለል ላይ 22 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሊትር ከ5 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም። ያውም ሙሉ በሙሉ ከጠገበ ነው። ውሃውን ምንም ያህል ብታናውጡት ከዚያ በላይ አይይዝም። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ከዚያ እንዳይወርድ መጠበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮቲን ስኪመሩ (ቆሻሻውን በአየር አረፋ ከውሃው የሚያወጣው መሣሪያ) አይቆምም፣ ሁለት የአየር ፓምፖች ሌት ተቀን ይሠራሉ፣ ሙቀቱንም ከ22 ዲግሪ አላሳልፍም። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው አየር ይቀንሳል። ይሄ ዝርያ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ስለሚችል ተመችቶኛል። የሐሩር ባሕር ሬይ ቢሆን ኖሮ እዚህ ከፍታ ላይ ልሞክረው አልደፍርም ነበር።

ከማብላት ጋር ምን አገናኘው? በጣም ይገናኛል። ሬይ በልቶ ሲፈጭ ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ከፍታ ላይ በአንድ ጊዜ ጥግብ አድርጎ ማብላት ትንፋሹን ማሳጠር ነው። ስለዚህ የእኔ ሕግ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው። ትንፋሹን የማየው ከዓይኖቹ ኋላ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች ነው። ሬይ አሸዋ ላይ ሲተኛ አፉ ከሥሩ ስለሆነ ውሃ የሚስበው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። አየር ሲበቃው ረጋ ብለው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሲያጥረው ይፈጥናሉ። ምግብ ይዤ ስመጣ መጀመሪያ እነሱን አያለሁ። ከፈጠኑ ምግቡ ወደ ማቀዝቀዣ ይመለሳል፣ እኔም ፓምፑን አያለሁ።

ሴቷ ያረገዘችው ከአዲሱ ገንዳ ጋር ከተላመዱ በኋላ ነው። ወንዱ የሰውነቷን ጠርዝ ነክሶ ነው የሚይዛት፤ ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል። ንክሻው ውሃው ንጹሕ ከሆነ በራሱ ይድናል። የዚህ ዝርያ ወንዶች አሸዋ ውስጥ የተቀበረችን ሴት ሰውነቷ በሚያመነጨው ደካማ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኟት በጥናት ታውቋል። እርግዝናው ሦስት ወር ገደማ ነው። ሬይ እንቁላል ጥሎ የሚሄድ ዓሣ አይደለም። ፅንሱ መጀመሪያ የእንቁላሉን አስኳል ይጨርሳል፤ ከዚያ የእናትየው ማህፀን ግድግዳ ቅባትና ፕሮቲን የበዛበት ወተት ያመነጭለታል። ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔም ቢሆን በየጊዜው ይደንቀኛል።

ስለዚህ የግልገል ማብላት የሚጀምረው ከእናትየው ነው። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ምግቧን ጨመርኩላት፤ ጥሬ ሽሪምፕ፣ ካላማሪ፣ አልፎ አልፎም የቆሮሶ ፊሌቶ። ከጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ ጀርባዋ አበጠ። ወደ መጨረሻው ከቆዳዋ ሥር ሲገላበጡ በዓይን ይታይ ነበር። ከዚያ ምግብ እምቢ አለች። ምግብ ወዳድ የሆነች እርጉዝ ሬይ ሽሪምፕ አልፋ ስትሄድ መውለጃዋ ቀርቧል ማለት ነው።

የወለደችው ሌሊት ነው። የመጨረሻዋን ብቻ ደርሼ አየሁ። ጥቅል እንጀራ መስላ፣ ክንፎቿ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ወጣች፤ አሸዋው ላይ ተዘረጋችና ወዲያው ዋኘች። እሾሁ ሲወለዱም አለ። ግን እናቱን እንዳይጎዳ በስስ ሽፋን ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ስፋታቸው 7 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር። ወንድና ሴቱ ገና ከመወለዳቸው ይለያል፤ ወንዶቹ ከጭራቸው ግራና ቀኝ ሁለት ጣት መሰል ነገር አላቸው። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት።

ወዲያው ለየኋቸው። ሴቷ እንደወለደች ወንዱ እንደገና ያሳድዳታል፤ በዚያ ትርምስ መሃል ግልገል ሊጎዳ ይችላል። ማሳደጊያቸው ከትልቁ ገንዳ ጋር በፒፒአር ቧንቧ የተገናኘ ሰፊ የፕላስቲክ በርሜል ግማሽ ነው። ውሃው አንድ ስለሆነ ግልገሎቹ የውሃ ለውጥ አይደርስባቸውም። የመዳብ ወይም የነሐስ መገጣጠሚያ የትም ቦታ የለም፤ መዳብ ለሬይ መርዝ ነው። ብዙ የዓሣ መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ጀርባውን ሳታነቡ እንዳትጠቀሙ። አሸዋው ደቃቅ መሆን አለበት፤ የግንባታ አሸዋ ስለት ስላለው ሆዳቸውን ይቧጭረዋል። ማሞቂያው በቀዳዳ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ሬይ ሙቀት ፈልጎ ላዩ ላይ ይተኛና ይቃጠላል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አይበሉም። አትደንግጡ። ከእናታቸው ሆድ ይዘውት የመጡት ስንቅ አለ። ደንግጦ ምግብ የሚያፈስ ሰው ውሃውን ያበላሻል፤ የተረፈ ሥጋ በስብሶ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ ከረሃብ ቀድሞ ይገድላል። እኔ በእነዚያ ቀናት የማደርገው የምግቡን ሽታ ማስለመድ ብቻ ነው። ሽሪምፕ ቀልጦ የሚወጣውን ውሃ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ትንሽ ጠብ አደርግላቸዋለሁ። ሽታው ሲደርሳቸው አሸዋውን እየዳሰሱ መሄድ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ዝግጁ ናቸው።

ምን ይበላሉ? ባሕር ውስጥ የዚህ ዝርያ ግልገሎች የሚበሉት አሸዋ ውስጥ ያሉ ትሎችንና ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታትን ነው። ቀንድ አውጣ መሰሉን ዛጎላማ ነገር የሚሰብሩት ሲያድጉ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋሉ፤ የሞተ ቁራጭ ለእነሱ ምግብ አይመስልም።

አርቴሚያ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ነው፤ እንቁላሉ ከጨው ጋር በሻንጣ ይመጣልኛል። ጨዋማና ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ከአንድ ቀን ትንሽ ባለፈ ጊዜ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ግን ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ለሬይ ግልገል ምንም አይደለም። ማሳደግ ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ሳምንት በስፒሩሊና ዱቄት ሲመገብ አንድ ሴንቲሜትር ይደርሳል። ስፒሩሊና ውሃ ውስጥ የሚያድግ አረንጓዴ ደቃቅ ፍጥረት ነው፤ ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ መልኩን ያገኘው ከእሱ ነው። የአርቴሚያ በርሜሉን ሴቷ ሆዷ መግፋት ሲጀምር ነው የምጀምረው። ግልገል ከተወለደ በኋላ መጀመር አይደርስም።

ዋናው ምግብ ግን የመሬት ትል ሆነ። ይሄንን ከማንም በፊት የነገሩኝ ጨው በሌለው የወንዝ ውሃ የሚኖሩ ሬዮችን የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። ሰበታ ላይ ደግሞ ከትል የሚቀል ነገር የለም። ጎረቤቴ እማማ ላሞች አሏቸው። የቆየ የእበት ክምራቸው ሥር ትሉ ቀይ፣ ቀጭን፣ ሕያው ነው። መልቀም ልጀምር ስል ከኋላዬ መጡ።

"ልጄ፣ ትል ለምን ይሆንሻል?"

"ለዓሣ ግልገሎች ነው እማማ።"

"ዓሣ ደግሞ ግልገል አለው እንዴ?"

"እነዚህ ይወልዳሉ። አራት ወልዳለች።"

"እሰይ! በደህና ተገላገለች?" አሉኝ፣ ልክ ስለ ጎረቤት ሴት እንደሚጠይቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅ ልጆቻቸው በቆርቆሮ ትል ያመጡልኛል። አንዱ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው፤ እሱ ትሉን በውፍረት እየለየ ነው የሚያመጣው። ምግብ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው።

ትሉ ግን እንደመጣ አይሰጥም። በደንብ ይታጠባል። ከዚያ እርጥብ ካርቶን ላይ ያድራል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው አፈር እንዲወጣ። ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የተለቀመ ትል ፈጽሞ አልወስድም። ጠዋት እንደገና አጥቤ እቆርጠዋለሁ። ልኬ ቀላል ነው፤ ቁራጩ በግልገሉ ሁለት ዓይኖች መሃል ካለው ርቀት ማነስ አለበት። ትል ጨው ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ግልገሉ ነቅቶ ሲፈልግ ካልሆነ አይጣልም። አርቴሚያ ግን ጨው ውሃ ቤቱ ስለሆነ እስኪበላ ድረስ ይኖራል። ሌሊት ለሚበላ ግልገል እሱን ነው የምተውለት።

አቀራረቡ ላይ ነው ጨዋታው ያለው። ምግቡ ከላይ ከተጣለ ዓይኑ ያየዋል፣ አፉ ግን አይደርስበትም። ሲዋኝ በሚያስነሳው ሞገድ ራሱ ምግቡን ያርቀዋል። እኔ የማስቀምጠው ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ሥር፣ አሸዋው ላይ ነው። ረጅም የፕላስቲክ መቆንጠጫ እጠቀማለሁ። የብረት መቆንጠጫ አልወድም። ሬይ አፍንጫው አካባቢ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚለይባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በፕላስቲክ ሳቀርብላቸው ይቀርባሉ፣ በብረት ሲሆን ያፈገፍጋሉ። የክፍሉንም መብራት እቀንሳለሁ፣ በድንግዝግዝ ይበልጥ ይደፍራሉ።

ሦስቱ በዚህ መንገድ በሉ። አራተኛዋ፣ የመጨረሻዋ ልጅ፣ እምቢ አለች። ትንሿ ነው የምላት።

የረሃብን ምልክት ማወቅ አለባችሁ። ከዓይን ኋላ ያለው ቦታ ይሰረጉዳል። ጭራው ሥር የዳሌው ቅርጽ በቆዳ ላይ ይታያል። ጠርዙ ወደ ላይ መጠቅለል ከጀመረ ነገሩ ከፍቷል። ትንሿ ዓይኗ ኋላ መሰርጎድ ጀምራ ነበር። እህትና ወንድሞቿ ምግብ ሲያገኙ ላይዋ ላይ ይወጣሉ፣ እሷ ጥግ ትይዛለች። ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ከፍዬ ለብቻዋ አደረግኳት፤ ውሃውና ሽታው ይደርሳታል፣ ግፊያው አይደርሳትም። በግድ አፍ ከፍቶ ቱቦ ማስገባት የሚባል ነገር አለ። ለዚህች ለምታክል ግልገል ጭንቀቱ ራሱ ይበቃታል ብዬ ተውኩት።

ትዕግስት ብቻ ነበር የቀረኝ። ማታ ማታ ከፈተና ወረቀት እርማት በኋላ ወንበር ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የሽሪምፑ ውሃ፣ አንድ ጠብታ፣ ከፊቷ። ከዚያ ዝም። አሸዋውን መዳሰስ ስትጀምር አንድ አርቴሚያ በሲሪንጁ ቱቦ ከጠርዟ ሥር። ትነካዋለች፣ ታልፈዋለች። አንድ ማታ አርቴሚያውን ትቼ ክር የምታክል የትል ጫፍ አስቀመጥኩላት። ትሉ ተጠማዘዘ። ግንባሯን ቀስ ብላ አነሳች። ከዚያ ግራና ቀኝ ጠርዟን አሸዋው ላይ ለጠፈችው፣ መሃሏ ከፍ አለ፣ ከሥሯ አሸዋ ቡፍ ብሎ በጎን ወጣ። ትሉ የለም። ወዲያው መልሳ ተፋችው። ልቤ ቆመ። እንደገና ሳበችው፣ ተፋችው፣ ሳበችው። በሦስተኛው ሳይመለስ ቀረ። ሬይ ምግቡን እየተፋ መልሶ መሳቡ የተለመደ ነው፤ አሸዋውን የሚለየው እንደዚያ ነው። ያን ማታ ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ "በላች!" አልኩት። እሱም ተነስቶ መጥቶ አያት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀና። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ሆዷ በትንሹ ሞላ እስኪል ድረስ። ግልገሎቹን የምመዝነው በኩሽና ሚዛን ነው። ጎድጓዳ ዕቃ ከነውሃው አስቀምጬ ሚዛኑን ዜሮ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ግልገሉን በሌላ ዕቃ ቀድቼ በቀዳዳ መጥለያ አንጠፍጥፌ እጨምረዋለሁ። በእጅ አልይዝም። ደብተር አለኝ፤ ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደመዘነ። ዓይን ያታልላል፣ ግራም አያታልልም።

ትል ከለመዱ በኋላ ወደ ሽሪምፕ ማሻገር ያስፈልጋል። ለባሕር እንስሳ የመሬት ትልና የሐይቅ ዓሣ ብቻውን አይበቃም፣ የባሕር ምግብ ውስጥ ያለው ቅባት ያስፈልገዋል። ሱፐርማርኬት ከሚሸጠው የበረዶ ሽሪምፕ ጥሬውን፣ ግራጫውን ነው የምገዛው፤ ቀዩ የተቀቀለ ነው። በትል ያሸሁትን የሽሪምፕ ቁራጭ ከትል ቁራጭ ጋር አፈራርቄ እሰጣለሁ፣ ቀስ በቀስ ትሉን እቀንሳለሁ። በዐቢይ ጾም ገበያ ላይ ዓሣ ይወደዳል፣ ስለዚህ የእናትና አባትየውን ቆሮሶ ቀደም ብዬ ገዝቼ አስቀምጣለሁ።

ሁለት ነገር ከሽሪምፑ ይጎድላል። አንዱ ቫይታሚን ቢ1 ነው። ጥሬ ሽሪምፕ ውስጥ ይሄን ቫይታሚን የሚያጠፋ ነገር አለ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየቱም አይረዳውም። ሌላው አዮዲን ነው። ሻርክና ሬይ በገንዳ ውስጥ እንቅርት ይወጣባቸዋል፣ እንደ ሰው። ውሃው ውስጥ ናይትሬት (ከምግብ ትርፍና ከኩስ የሚፈጠር ነገር) ሲበዛ ሰውነታቸው አዮዲን መውሰድ ያቅተዋል። እንቅርት ለእኛ ደጋ አገር ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ የአያቶቻችን አንገት ላይ አይተነዋል። ስለዚህ ለሻርክና ለሬይ የተሠራ የቫይታሚን እንክብል አለ፣ በግልገሉ ልክ ተሰባብሮ ሽሪምፕ ሆድ ውስጥ ይገባል። ውሃውንም በየሳምንቱ አንድ አስረኛውን እቀይራለሁ፣ ናይትሬቱ እንዳይከማች።

መብራት ሲጠፋ አላበላም። ማታም ይሁን ቀን፣ ምንም ያህል ቢርባቸው። ሁለት የአይሱዙ ባትሪና ኢንቨርተር አለኝ፤ የአየር ፓምፖቹንና አንድ የውሃ ፓምፕ ይይዛሉ፣ ማሞቂያውን አይችሉም። ክረምት ላይ አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ እስከ ጠዋት አልመጣም። ገንዳውን በብርድ ልብስና በስታይሮፎም ሸፍነን አደርን። ያን ማታ ሆዳቸው ባዶ በመሆኑ እስከ ንጋት የዓይናቸው ኋላ ቀዳዳ ረጋ እንዳለ ነበር። በባሕር ጠረፍ ያለ ሰው ይሄን ያህል አይጨነቅ ይሆናል። እኛ ግን የምንጀምረው ሩቡ በጎደለ አየር ነው።

ስለ እሾሁም ልናገር፣ ልጆች ያላችሁ ስላላችሁ። ግልገሉም ይወጋል። እጄን ገንዳው ውስጥ የማስገባው ሁሉም የት እንዳሉ ካየሁ በኋላ ነው። ከተወጋችሁ ቁስሉን መቻል በምትችሉት ሙቅ ውሃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘፍዝፉት፤ መርዙ ሙቀት አይወድም። ከዚያ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ። ትል የሚያመጡልኝ ልጆች የሚያዩት ከአጥሩ ውጭ ሆነው ነው፤ ባለቤቴ ለዚሁ ብሎ በቁመታቸው ልክ ፍርግርግ በይዶላቸዋል።

አሁን አራቱም ሽሪምፕ ይበላሉ፣ በርሜሉም ጠቧቸዋል። ወንዶቹ ስፋታቸው 15 ሴንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ለአቅመ አዳም ይደርሳሉ፤ ከዚያ በፊት ከእናትና ከእህቶቻቸው መለየት አለባቸው። ቦታ እየፈለግኩላቸው ነው። የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ቢያንስ የእኔን ያህል ሰፊ ገንዳ፣ ውሃው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ተዘጋጅቶ አሞኒያው ዜሮ የሆነ፣ መብራት ሲጠፋ አየር የሚሰጥ ባትሪ፣ እና በቀን ሁለት ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚያበላ ሰው። ይሄ ካላችሁ ጻፉልኝ። ከእያንዳንዱ ወንድ ጋር የራሱን የምግብ ደብተር አብሬ እሰጣለሁ። ሴቶቹ ግን እኔ ጋ ይቆያሉ፤ ባለቤቴ ሁለተኛውን ሮቶ መቁረጥ ጀምሯል።